ዳሳሽ አለችበት

ይትባረክ ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ ሳህኑ ቀለጠ። እንደ ሁልጊዜው ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል ተሰበሰበና ነጭ ጠብታ ሆኖ በግድግዳው ቀዳዳ ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ ያው ጠብታ ሳህን ሆኖ ይመለሳል፤ ወደ እሱ ይሁን ወደ ጎረቤቱ ግን ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም። በዚህ ከተማ ዕቃ የሚያጥብ ሰው የለም። ዕቃ የሚሰብርም የለም። ከተማይቱን ያቀዱት ሰዎች በዕቃ አጠባ የሚጨቃጨቅ ባልና ሚስት አይኖርም ብለው ይህን እንደ ትልቅ ድል ቆጥረውት ነበር።

ከተማይቱ የተሠራችው ከማርስ ገጽ በታች፣ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ነው። በመዝገብ ላይ ያላት ስም ረጅምና ያማረ ነው፤ ነዋሪዎቿ ግን «እንጦሮጦስ» ይሏታል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ ሕፃናቱ አገራችሁ የት ነው ሲባሉ እንጦሮጦስ ብለው መመለስ ሲጀምሩ ቀልዱ ተረሳና ስሙ ጸና።

ምግብ ከግድግዳ ስለሚወጣ በእንጦሮጦስ ሰው የሚበላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ይትባረክና ሚስቱ ስንዱ አብረው በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ እሱ በዚህኛው ግድግዳ፣ እሷ በዚያኛው፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይበሉ ነበር። አሁን በዚያኛው በኩል ማንም የለም። ቀዳዳው ግን አልተነገረውምና በየምግቡ ሰዓት ሳህን ያወጣል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሶ ያቀልጣል። ይትባረክ ይህን ድምፅ ላለመስማት ቶሎ ቶሎ መጉረስ ለምዷል።

ስንዱ ሐኪም ቤት ናት። የያዛት በሽታ ሐኪሞቹ ዘንድ ተጠርቶ የማያልቅ ስም አለው፤ ሕዝቡ «ዝምታው» ነው የሚለው። ዝምታው የያዘው ሰው መጀመሪያ መናገር ይተዋል። ቀጥሎ መብላት ይተዋል። በቱቦ ቢሰጡት ሰውነቱ አልቀበል ይላል። ከዚያ በኋላ የሚተወው ነገር አይኖረውም።

ስንዱ መናገር ከተወች ወራት አልፈዋል፤ መብላት ግን ፈጽማ አልተወችም። በአንድ ዕቃ ሲቀርብላት ብቻ ትበላለች። ዕቃው የሸክላ ወጭት ነው፤ ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ቡናማ ቀይ የወጥ ሳህን። አንድ ወገኑ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲያስቀምጡት ወዲያና ወዲህ ይላል። ከንፈሩ ላይ የአውራ ጣት ጉድጓድ አለ። ስንዱ ከመጉረሷ በፊት ሁልጊዜ አውራ ጣቷን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ታስገባለች። በዚያ ሳምንት ግን ሐኪሟ ወጭቱን አንስታ ለይትባረክ አሳየችው፤ ከከንፈሩ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። «ቶሎ አባዛው። ይህ ከተሰበረ ሌላ የምሰጥህ መድኃኒት የለኝም» አለችው።

አዲስ ነገር አልጠየቀችውም። የይትባረክ ሥራ ማባዛት ነው። ማባዣ ለሚሉት ማሽን አንድ ዕቃ ይሰጡታል፤ በአንድ ወገን ዕቃው ይገባል፣ በሌላው ወገን አምሳያው ይወጣል። ከመካከል ያለው ዋናው ነገር ዳሳሹ ነው። ዳሳሽ ማለት የገባውን ዕቃ እየዳሰሰ ከምን እንደተሠራ የሚያነብ የማሽኑ ጣት ነው። ይትባረክ በዚህ ክፍል ውስጥ ያላባዛው ነገር የለም፤ ጫማ አባዝቷል፣ ጥርስ አባዝቷል፣ የንጉሥ ዘውድ ሳይቀር ለትምህርት ቤት አባዝቷል።

ወጭቱን በሹራቡ ጠቅልሎ ወሰደውና በማሽኑ አፍ አስገባው።

«ዳሳሽ አለችበት» አለ ማሽኑ። «አይባዛም።»

ይትባረክ ዳሳሹን ጠረገ። ማሽኑ ያንኑ አለ። ዳሳሹን ነቅሎ በአዲስ ለወጠው። ማሽኑ ያንኑ አለ። በመጨረሻ አለቃውን ፋኑኤልን ጠራው።

«ዳሳሹን ቀይረህ ሞክረሃል?» አለ ፋኑኤል ከበሩ ላይ ሆኖ።

«ቀየርኩት እኮ። የሚለው ግን ያንኑ ነው። ና ስማው።»

«ዳሳሽ አለችበት። አይባዛም።»

ፋኑኤል ሳቀ። «አለችበት? ዳሳሽ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሴት የሆነችው?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

«ተወው፣ ይሄ ማሽን ለትንሽ ነገር ሁሉ አንቺ ማለት ይወዳል። ባለፈው ‹ብሎኗ ላልታለች፣ አጥብቃት› ብሎኝ ነበር። አማርኛ ያስተማረው ሰው መካኒክ ሳይሆን አይቀርም።»

ሁለቱም የመሰላቸው አንድ ነው፤ ማሽኑ የገዛ ዳሳሹን ወጭቱ ውስጥ ያየ መስሎት ተሳስቷል። ወጭቱን አጠቡት፣ አዞሩት፣ ደፉት፣ አቀዘቀዙት። ማሽኑ ሐሳቡን አልለወጠም። በተነካካ ቁጥር ስንጥቁ ትንሽ ይረዝማል፤ ይትባረክ በጣቱ ይለካዋል። ወጭቱ ተሰበረ ማለት ስንዱ አለቀላት ማለት ነው።

ፋኑኤል ክፉ ሰው አይደለም። የባልደረባውን ትከሻ ያዘ። «ስማኝ፣ አንድ መላ አለ» አለው። «በማጣሪያ እናስኬደዋለን። ያልወደደውን ነገር ከውስጡ መጥጦ ያወጣና ይጥለዋል፤ የቀረውን ያባዛልሃል። ዋናው ይፈርሳል። ይፍረስ! የፈለግከውን ያህል አምሳያ ታገኛለህ፣ ያውም ያልተሰነጠቀ። ማጣሪያው እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ አንተ ሚስትህ ዘንድ ሂድና ምሥራቹን ንገራት።»

ይትባረክ አመስግኖ ወጣ።

መንገድ ላይ እትዬን አስታወሰ። እትዬ የከተማይቱ ብቸኛ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ስማቸውን የጠየቃቸው ሰው የለም፤ እትዬ ከተባሉ ይበቃ ነበር። የመጡት ከልጃቸው ጋር ነው፤ ልጃቸው ዋሻ ተደርምሶበት ሞተ። አስከሬኑን የለዩት በአጥንት ስሙ ነበር። ማንኛውም ሰው ማርስ ሲገባ በመርፌ የሚሰጠው፣ አጥንት ውስጥ የሚቀመጥ፣ እሳትም የማያጠፋው ረቂቅ ምልክት አለ፤ እሱን ነው የአጥንት ስም የሚሉት። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቀይ አቧራ በውሃ እያቦኩ ወጭት መሥራት ያዙ። አብዛኛው እሳት ላይ ይፈነዳባቸዋል። የተረፈውን ጎረቤት ይሻማበታል። ከግድግዳ በነፃ ሳህን የሚያገኝ ሕዝብ ለአንድ የተንጋደደ ወጭት ሲጣላ ማየት የሚያስቅ ነገር ነበር። ወጭት ወስዶ የመለሰ ሰው ግን የለም። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ሰው የራሱን በጨለማ ዳስሶ ያውቀዋል፤ ምግቡ ሳይበርድ ይቆያል፤ ከሁሉ በላይ በልተው ሲጨርሱ ዕቃው አለ፣ አይሄድም።

እትዬ ለአንድ ሰው የሚሆን ወጭት ሠርተው አያውቁም። ሲበዛ ትንሹ ለሁለት ነው። ቤታቸው የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ይላሉ ጉርሻውን እንደያዙ። ይትባረክ ሁልጊዜ «በቃኝ እትዬ፣ ሥራ አለብኝ» ይል ነበር። ስንዱ ግን ከሥራ መልስ እሳቸው ዘንድ ነበር የምታመሸው፤ እጇ እስከ ክንዷ ቀይ ሆኖ ትመጣለች። «ማባዣ ባለበት አገር ጭቃ ማቡካት ምን የሚሉት ነው?» እያለ ያሾፍባት ነበር።

እትዬ ሲሞቱ ዘመድ ስላልነበራቸው አመዳቸውን የተረከበችው ስንዱ ናት። በእንጦሮጦስ የሞተ ሰው ይቃጠላል፤ አመዱ የአትክልት ማሳ ላይ ይበተናል። ስንዱም በተንኩት አለች። ጥቂት ቆይታ ይህን ወጭት ይዛ ወደ ቤት መጣች። «የእትዬ ናት» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጭራሽ መናገር ተወች።

ሐኪም ቤት ሲደርስ ስንዱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ቀዳዳ ያወጣውን ነጭ ሳህን አልነካችውም። ይትባረክ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወሬውን ጀመረ። መልስ ሳይጠብቁ ማውራት እንደ ማንኛውም ነገር ይለመዳል፤ እሱ ለምዶታል። ስለ አሳንሰሩ ብልሽት አወራላት፣ ስለ ፋኑኤል አዲስ ጢም አወራላት፣ ከዚያ ወደ ወጭቱ መጣ።

«ማሽኑ ዛሬ አበደብኝ» አላት። «ዳሳሹን ብቀይር፣ ብጠርግ፣ ምን ባደርግ አልሰማ አለኝ። ዳሳሽ አለችበት፣ ዳሳሽ አለችበት እያለ...»

«አሉበት።»

ይትባረክ ዞር አለ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

«አሉበት ነው የሚባለው» አለች ስንዱ። ድምፅዋ ደርቋል፤ ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለች። «ትልቅ ሰው ናቸው። አለችበት አይባልም።» ከዚያ አየችውና ግንባሯን ቋጠረች። «ለማሽኑ ስማቸውን ማን ነገረው?»

«የማንን ስም?»

«የእትዬን።»

ይትባረክ እጇን ያዘ። ምንም አልገባውም፤ ድምፅዋን ከሰማ ወዲህ ደግሞ የሚገባው ነገር አልፈለገም፣ ብቻ እንድትቀጥል ፈለገ።

«ዳሳሽ ነው ስማቸው» አለች። «ሊሞቱ ሲሉ ነው የነገሩኝ። አንድ ሰው እንኳ ይወቅልኝ አሉ።» ትንሽ ዐርፋ ቀጠለች። «አገር ቤት ሸክላ ሠሪ የተሰበረ ዕቃ አይጥልም ይሉ ነበር። ገሉን ይፈጩታል፤ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያቦኩታል። አሮጌው ካልገባበት አዲሱ እሳት አይችልም። እዚህ ደግሞ አሮጌ የሚባል ነገር የለም። ‹ይሄ አፈር አይደለም ስንዱ፣ አቧራ ነው። አፈር የሚባለው ሰው የገባበት ነው› ይሉኝ ነበር።»

«አመዳቸውን ማሳ ላይ በተንኩት አላልሽም?»

«ዋሸሁ። ወጭቷን የሠራኋት እኔ ነኝ። ከጭቃው ጋር አቦካኋቸው፤ ራሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። ‹ዕድሜዬን ሙሉ አፈር ስሆን ስል የኖርኩት ለወግ መሰለሽ?› አሉኝ።»

ይትባረክ ይህን ቃል ሲያድግ በየገበታው ሰምቶታል። አፈር ስሆን አትግፋ፣ አፈር ስሆን ይቺን ጨርሳት። ምግብ ላይ እንደ ጨው የሚነሰነስ ቃል ነው፤ ትርጉሙን የሚያላምጥ የለም። ብላልኝ እንጂ እኔ አፈር ልሁን ማለት ነው። አንዲት ሴት ከልቧ ብላው ነበር፤ እሱ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጥቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«መቼ? ጀርባህን ሰጥተኸኝ ስትበላ?»

እሳት የማያጠፋው የአጥንት ስም፣ ያንን ስም ከአመድ አንብቦ የሚናገር ማሽን... ወደዚህ ሥራ ሲገባ የመጀመሪያ ቀን የተነገረው ሕግ ትዝ አለው። ማባዣው የማያባዛው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው። ማንም ሰው አስገብቶ ስለማያውቅ ሕጉ ተረስቶ ነበር። ማሽኑ አልተሳሳተም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው አለ፣ ሰው አለ እያለ ሲጮህ ሁለት ወንዶች ሰዋስው ያርሙለት ነበር።

«ወጭቷ የት ናት?» አለች ስንዱ።

ይትባረክ ተነሥቶ ሮጠ።

ክፍሉ ሲደርስ ማጣሪያው ሞቆ ሥራ ጀምሯል። ፋኑኤል ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ማሽኑ «ዳሳሽ ልትወጣ ነው፤ ራቅ ይበሉ» ይላል በዚያው ደረቅ ድምፁ።

«አቁመው!»

«አሁንማ ከተጀመረ አይቆምም፣ ትንሽ ነው የቀረው...»

ይትባረክ ገፍቶት አለፈና ክንዱን እስከ ትከሻው በማሽኑ አፍ ከተተ። ሙቀቱ ጠጉሩን ለበለበው። ዳሳሹ እጁን አገኘ፣ ዳሰሰው፣ ተወው። ማሽኑ ሥራውን አቆመ።

«ዳሳሽ አለችበት» አለ። «ይትባረክ አለበት። አይባዛም።»

ፋኑኤል ወደ ማሽኑ ተጠጋ። አንዴ ማሽኑን፣ አንዴ ባልደረባውን አየ። «ዳሳሽ... ሰው ናት እንዴ?» አለ በቀስታ።

«እትዬ ናቸው» አለው ይትባረክ።

ፋኑኤል እትዬን ያውቃቸዋል፤ ልጁ የሚበላው በእሳቸው ወጭት ነበር፣ ያ ወጭት እስኪሰበር ድረስ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ይትባረክ ወጭቱን አውጥቶ ደረቱ ላይ አስጠጋው። ያን ጊዜ ነው ስንጥቁ የቀረውን መንገድ የጨረሰው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሁለት ገል በሁለት እጁ ቀረ።

ወደ ሐኪም ቤት የተመለሰው እግሩን እየጎተተ ነው። ስንዱ ወደ መናገር ተመልሳለች፣ አሁን ይህን ስታይ ደግሞ ለዘለዓለም ትዘጋለች ብሎ ፈራ። አንድ ሰበብ ሊፈጥርላት አሰበ፤ አልመጣለትም። ሁለቱን ገል አልጋዋ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

ስንዱ አንዱን ገል በሌላው አንኳኳችው። ጆሮዋን አስጠጋች። የአውራ ጣቱ ጉድጓድ ያለበትን ወገን ብዙ ጊዜ ዳሰሰችው፤ እንባዋ ወረደ፤ በመዳፏ ጠረገችው።

«ገል ሆኑ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ምን ቆመሃል? አቧራ አምጣልኝ እንጂ። ውሃም አምጣ። መፍጫ የሚሆን ድንጋይ ፈልግ።»

ዝምታው ከእንጦሮጦስ ጠፋ ማለት ውሸት ይሆናል። ስንዱ አቅሟ እስኪመለስ አልጋዋ ላይ ሆና ፈጨች፣ አቦካች፣ ሠራች፤ ይትባረክ ብረት ማቅለጫው ዘንድ ወስዶ ያስተኩስላታል። የፈነዱ ነበሩ፤ እነሱም ተመልሰው ተፈጩ። እሳቱን የቻሉት ለበሽተኞቹ ታደሉ። አንዳንዱ በላ። አንዳንዱ አልበላም፤ ሞተ። የበሉትም ቢሆኑ ሐኪሟ እንደምትለው ያዳናቸው ጭቃው ይሁን፣ ወጭቱ የሁለት ሰው ስለሆነ ሌላ ሰው አብሯቸው እየተቀመጠ መብላቱ ይሁን፣ ለይታ አታውቅም።

ፋኑኤል ከአዲሶቹ አንዱን ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ለማባዛት ሳይሆን ለመስማት። ማሽኑ እንቢ አለ። በማግስቱ ፋኑኤል ከፍቶት አማርኛውን አረመለት። አሁን «ዳሳሽ አሉበት» ነው የሚለው።

ስንዱ ወደ ቤት የተመለሰች ቀን ከሁለቱ ግድግዳዎች ያገኘችውን ቂጣ ቆራርሳ አዲሱ ወጭት ውስጥ ፈተፈተችው። ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ይትባረክ መጀመሪያ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ፤ ሚስቱ ስትበላ አይቶ አያውቅም ነበርና። ግራ ጉንጯ ይሠራል፣ ቀኙ ያርፋል። ይህን የሚያህል ዘመን አብሯት ኖሮ ይህን አያውቅም። ከኋላቸው ቀዳዳዎቹ ሳህን አወጡ፣ ጠበቁ፣ አቀለጡ። ማንም አልዞረም።

ስንዱ ፍትፍቱን ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። እጇ ከስቷል፤ የጣቶቿ አጥንት በቆዳዋ ላይ ይቆጠራል። ይትባረክ አጥንቱን አየ፣ ውስጡ ያለውን ስም አሰበ። ከሁለት አንዳቸው አንድ ቀን በዚህ ወለል ላይ ለብቻው ተቀምጦ ሌላኛው በተቦካበት ወጭት እንደሚበላ ገባው።

«በቃኝ» አለ፤ ፍርሃቱን ለመደበቅ ነበር።

«አፈር ስሆን» አለች ስንዱ። «ይቺን ብቻ።»

አትሁኚብኝ ሊላት ፈለገ። ግን አጉርሳው ስለነበረ አፉ ሞልቶ መናገር አልቻለም።